ልክ የሆነው ጉርድ

ጉርዱ ልክ ሆነ።

ሴሬያና ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ይህን ስትናገር በመዳፏ የያዘቻቸውን ስፒሎች የት እንደምታኖራቸው ግራ ገብቷት ነበር። ሟቹ፣ የእህቷ ባል መምህር ኤሞሲ፣ ሱቫ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝቶ እዚያው ሞቶ ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ በመርከብ ሲመጣ ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር። ሴቶቹ ሲያለብሱት፣ የአገሩ ወንዶች በሱሪ ፋንታ ከኮት ጋር የሚለብሱትን ጉርድ ወገቡን ማጥበብ የግድ መስሏቸው ልብስ ሰፊው ቻጋን መርፌና ክር ይዞ እንዲመጣ አስጠርተውታል። ቻጋን በረንዳው ላይ፣ ከለቀስተኛው የጫማ ክምር አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«ልክ ነው?» አለ፤ ቀና አላለም።

«ተለክቶ የተሰፋለት ነው የሚመስለው። ኪሱ እንኳ ከዳሌው ንቅንቅ አላለም። ኮቱም ትከሻው ላይ ቁጭ ብሏል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ ጠይቂው ብላኛለች። ሰው እንዲህ ከስቶ ልብሱ እንዴት አይሰፋውም?»

በዚች ትንሽ የደሴት ከተማ፣ በሌቩካ፣ አንድ ሰው ታቫሌ ብሎ የሚጠራው እሱ የሚቀልድበት፣ መልሶም የሚቀልድበት አማቹ ነው፤ የሥጋ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ። የታቫሌው ሚስት ደግሞ እህቱ ትሆናለች። ከእህት ጋር ፊት ለፊት አይወራም፤ ቃል በሰው ይላካል። ቻጋን የአያቶቹ አገር ሕንድ ይሁን እንጂ የተወለደው እዚሁ ነውና ይህን ወግ አፉን ከፈታ ጀምሮ ያውቀዋል። ኤሞሲን ሠላሳ አንድ ዓመት ታቫሌ ሲለው ኖሯል፤ ከሚስቱ ከሜሬዮኒ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም።

«ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ነው በያት» አለ።

 ሴሬያና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ቻጋን መልሱ እዚያ ውስጥ ሲነገር ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። የከተማው ወንዶች ሁሉ ጥቁር ጉርድና ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ሳጥኑን ተከትለው በባሕሩ ዳር መንገድ ሄዱ። ቻጋን ከኋላ ነበር የሚሄደው። ፊታቸውን ማየት አላስፈለገውም፤ ሁሉንም ከወገባቸው በታች ያውቃቸዋል። ይሄ ቀኝ ዳሌው ከፍ የሚለው የወደቡ ጸሐፊ ነው። ይሄ ጫፉን ሁለት ጣት አሳጥርልኝ ብሎ የሚነዘንዘው ሰባኪው ነው። እዚያ ማዶ ደግሞ ፖሊሱ። ለሁሉም ለክቶላቸዋል፣ ለሠርግም ለቢሮም ለእሑድም ሰፍቶላቸዋል። በዚያ ሁሉ ጉርድ መሐል አንድ ጀርባ ሲፈልግ ራሱን አገኘው። የሚፈልገው ጀርባ ከፊት፣ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ለቀስተኛው ከየመንደሩ ይመጣ ጀመር። የክብር ስጦታ የሆነውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጅ ይዘው እየገቡ፣ ሰሌን እየደረደሩ፣ ኤሞሲን በአባቱ ስም እየጠሩ ይናገራሉ። ወንዶቹ ከተወቀጠ ሥር የሚሠራው ያንጎና የተባለው መጠጥ የተበጠበጠበትን የእንጨት ገበታ ከበው ተቀመጡ። ቅሉ በየተራ ሲደርሳቸው መዳፋቸውን አንዴ ያጨበጭባሉ፣ ይጨልጣሉ፣ ዝም ይላሉ።

«ቻጋን» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ዋይሳሌ። «እስቲ ወደ ውስጥ ግባ። በር ላይ የተቀመጥከው ጫማችንን ልትለካልን ነው?»

«እዚህ ይመቸኛል።»

«ይመቸኛል ይላል። ወንድሜ እኮ ሁለት ቤት ነበረው፣ ታውቃላችሁ? አንዷ ሚስቱ ይቺ ናት። ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ያላት ነች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ ነበር የሚውለው።»

ሽማግሌዎቹ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ ነውር የለውም፤ ሟቹም ቢሰማው ይወደው ነበር። ቻጋን ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሳቁ ሲበርድ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ የሜሬዮኒ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አታለቅስም፤ ለገባች ሴት ሁሉ ያንኑ ነገር ደግማ ደጋግማ ትናገራለች።

«አንድ ሰሌን ላይ ተኝተን አላየሁም። ባሌ እያለቀ ሳለ አላየሁም። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ዓይን አለኝ ትላላችሁ?»

ቻጋን ቅሉ ሲደርሰው ማጨብጨቡን ረሳ።

ያ ነገር የሆነው ከስምንት ወር በፊት ነው። ቅዳሜ፣ ሱቁን ዘግቶ ሻይ እያፈላ ሳለ ኤሞሲ እንደ ወትሮው በጓሮ በር ገባ። ግራጫ ጉርዱን፣ ነጭ ሸሚዙንና ኮቱን እንደለበሰ ነበር፤ ርእሰ መምህር ከሆነ ወዲህ ዓሣ ለማጥመድ ካልሆነ በቀር ያለ ኮት የታየበት ቀን የለም። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም። ደንበኛ ቆሞ የሚለካበት መደብ፣ መለኪያው ላይ ወጣና ቆመ።

«ታቫሌ፣ ወገቤን ጠበብ አድርግልኝ።»

«ምነው፣ ቤትህ ምግብ ከለከሉህ?»

«ሐኪሙ ነው የከለከለኝ። ምግቡን አይደለም፤ ዓመቱን።»

ቻጋን ቀልድ መስሎት ሜትሩን አዞረ። ሜትሩ ለሠላሳ ዓመት ከለመደበት ቁጥር ሳይደርስ ገጠመ። ቀና ብሎ አየው። ኤሞሲ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኮት ንድፍ ይመለከት ነበር።

«ሆዴ ውስጥ ነው» አለ። «ሱቫ ለስብሰባ የሄድኩ ጊዜ ታየሁ። ቢቀድዱኝም ጥቅም የለውም አሉ። አንተ ብቻ እንድታውቅ የሆነው ልብስ ስለምትሰፋ ነው እንጂ ላንተም አልነግርህም ነበር።»

«ሜሬዮኒስ?»

«እናቷን አራት ዓመት አስታማለች፣ እዚያችው ቤት። ገና አሁን መሳቅ ጀምራለች። ካወቀች ከዚያን ቀን ጀምሮ ታስታምመኛለች እንጂ አትኖርም።» ክራባቱን አስተካከለ። «ስፋልኝ ታቫሌ። እንደ ድሮዬ አስመስለህ።»

ቻጋን ሰፋ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ሰፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ የቻጋን ሚስት ስትሞት ኤሞሲ ከትምህርት ቤት እየወጣ የሐዘኑን አሥራ ሦስት ቀን ሁሉ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። አይዞህ አላለም፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲመሽ ተነሥቶ ኮቱን አራግፎ ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ለምኖት እንዴት እንቢ ይላል? የቻጋን ልጅ ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ነው። በእሑድ ስልክ ይደውላል። ከዚያ ውጭ በሌቩካ ለቻጋን በሩ ሳይንኳኳ የሚገባበት ቤት ይሄ የኤሞሲ ቤት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ቤት አልሄደም። ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ፤ የመጣ ደንበኛ የለም፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሴሬያና የተከደነ ሳህን ይዛ ገባች። ሥጋ እንደማይበላ ያውቃሉና በየቀኑ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ለብቻው ይሠሩለታል።

«አልመጣም ብለህ ነው የመጣሁት።»

«እህትሽ እንዴት አደረች?»

«እህል አልቀመሰችም። ሻይ እንኳ።» ሳህኑን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ዛሬ ሰባኪውን ምን አለችው መሰለህ? ባሏ ሲሞት ያላየች ሚስት ንስሐዋ ምንድን ነው አለችው።  እኔ ፈራሁላት፣ ቻጋን። ሰው ራሱን እንዲህ ከጠላ ምን ይሆናል?»

ቻጋን ሳህኑን አልከፈተም። ቢናገር ለሟቹ የገባውን ቃል ያፈርሳል፤ ቤቱንም ያጣል። ባል እየሞተ መሆኑን እያወቀ ከሚስቱ የደበቀ ሰው እዚያ በረንዳ ላይ ምን ሊያደርግ ይቀመጣል? ዝም ቢል ደግሞ ሴትየዋ ደህና ዓይኗን ስትረግም ትኖራለች። ኤሞሲ እንድትስቅ ብሎ ነበር የለመነው። አሁን የምትስቅ ሴት የለችም።

«ነገ እመጣለሁ» አላት። «ለእህትሽ ንገሪልኝ። አንድ ነገር ልነግራት እፈልጋለሁ። ራሴ።»

ሴሬያና ደንግጣ አየችው። «ራስህ?»

«ይሄ ቃል በሰው አይላክም።»

በአራተኛው ቀን ቤቱ በሥራ ተጠምዶ ነበር፤ ለአራተኛው ሌሊት ድግስ ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው ድንጋይ ያግላሉ፣ ሴቶቹ ካሳቫ ይልጣሉ። ሜሬዮኒን በጓሮ በኩል፣ የእቃ ማጠቢያው ደረጃ ላይ አገኛት። ጥቁር ለብሳለች። ጎኗን ሰጥታው ተቀመጠች። እሱም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ ሦስት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከስምንት ወር በፊት ጀምሮ።»

የጥቁር ልብሷን ጫፍ ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች።

«ጉርድ እንደ ሱሪ አይደለም። ሱሪ የሰፋው ሰው ቀበቶውን ያጠብቃል፣ አለቀ። ጉርድን ግን ቢያጠብቁት የፊቱ መደረቢያ እየዞረ ይሄዳል። ኪሱ ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጫፉ ይንጋደዳል። ማንም ያየዋል። እርስዎማ በመጀመሪያው ሳምንት ባዩት ነበር። እንዳያዩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አምስት ጊዜ ተረተርኩት፤ አምስት ጊዜ ኪሱን ነቅዬ ቦታው መለስኩት። ኮቱ ውስጥ ትከሻውና ደረቱ ላይ ገበር ደራረብኩ። ዓይንዎ ደህና ነው። ምንም የጎደለው ነገር የለም።»

«ሁሉንም ጉርዶቹን?» አለች።

«አምስቱንም።»

«ካውያ የያዘው ለዚህ ነው» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። «በሃምሳ አራት ዓመቱ ልብሴን እኔ ልተኩስ አለኝ። ስፌቱን እንዳላገላብጠው ነው። እኔ ደግሞ ደግ ሆነ አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፊት ባሌን እዩልኝ ብዬ ኮራሁበት።»

«ለምኖኝ ነው። እናትዎን ሲያስታምሙ አይቷል። ካወቀች አትኖርም አለ። ትንሽ ትሳቅ አለ።»

አሁን ዞረች፤ ፊት ለፊት አየችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ስለ መሳቄ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ወሰናችሁ።»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ዘንድ ሲመጣ የሚሞተው ሰው ነው የሚመጣው። ይፈራል፣ ይቀልዳል፣ ምን እንደሚያስብ ይነግርሃል። እኔ ዘንድ ሲመለስ የተሰፋው ይመጣል። ስምንት ወር ሙሉ ገበር ነው ያቀፍኩት።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ባሌን አንተ ነህ የቀበርከው። እኔ ያን ዕለት ልብሱን ቀበርኩ።»

 ይቅርታ የሚለው ቃል ቻጋን አፉ ድረስ መጥቶ ትንሽ ሆነበት። እሷ ተነሥታ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ዝም ብላ ዘጋችው፤ ለእሱ ያ ባሰበት።

ተነሣ። በቤቱ ጎን ዞሮ ወደ መንገዱ ሲወጣ ዋይሳሌ ከድንጋዩ ጭስ መሐል ጠራው።

«የት ነው? ምግብህን ማን ሊበላልህ ነው፣ እኛ ቅጠል አንበላም።»

«ሥራ አለኝ።»

«ዛሬ? ማን ሊለብስልህ ነው ዛሬ?»

አጥሩን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የባሕሩ ግንብ ጋ ደረሰ። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ እግሩ ግን እዚያ የሚጠብቀውን ፀጥታ አስቀድሞ ያወቀ ይመስል አልሄድ አለው። ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል። ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሱ ብቻ ሻይ እንደሚያፈላ አሰበ። ለአንድ ሰው ሻይ ስንት ውኃ እንደሚበቃ ለማስታወስ ሞከረ።

ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ዞሮ አላየም፤ ጠረኑ ነው አስቀድሞ የደረሰው፤ የተተኮሰ ሱፍ፣ ጠመኔ፣ የኤሞሲ የፀጉር ዘይት። ሜሬዮኒ የቀሩትን አራት ጉርዶች ክንዷ ላይ ደርባ ቆማለች። ሰው እያያት ነበር፤ አዲስ ሐዘንተኛ በአራተኛው ቀን ከቤት አይወጣም። ግድ አልሰጣትም። ጉርዶቹን ግንቡ ላይ በሁለቱ መሐል አስቀመጠችና በወዲያኛው በኩል ተቀመጠች።

«ተርትራቸው» አለች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከመጨረሻው ጀምረህ። እያንዳንዱን ስፌት መቼ እንደሰፋኸው፣ ያን ቀን ምን እንዳለህ፣ ፊቱ ገርጥቶ መጥቶ እንደሆነ፣ አሞት እንደሆነ፣ ሁሉንም ትነግረኛለህ። አንድም አታስቀርብኝም።»

ቻጋን ከሸሚዝ ኪሱ ምላጭ አወጣ። ግራጫውን ጉርድ ገለበጠና ወገቡን ፈለገ።  ጨርቁ ጭኑ ላይ እየተንሸራተተ እምቢ አለው፤ ለሚተረትር ሰው ጨርቅ መወጠር አለበት፤ ሱቁ ውስጥ ሲሆን በስፌት መኪናው እግር አስይዞ ነበር የሚወጥረው።

«ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ። «ዝናብ ነበር። ጃንጥላ አልያዘም። መለኪያው ላይ ለመውጣት ክንዴን ያዘ፤ ከዚያ በፊት ይዞኝ አያውቅም። ቀስ በል አለኝ፤ ይሄን ያህል አትቸኩል፣ የምሄድበት የለም አለኝ።»

ሜሬዮኒ እጇን ሰደደች። የጉርዱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች፣ ጣቶቿ ላይ አንድ ዙር ጠቀለለችው፣ ወደ ራሷም ወጠረችው።