«አለቃ» የሚለው ዓምድ

የማስታወቂያ ሰሌዳ በምንሠራበት ጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ በያጁ፣ ቀቢዋና ዲዛይን የምሠራው እኔ። ባለቤቱ ጋሼ የእህታቸውን ልጅ አስተባባሪ ብለው ሲያመጡብን አራት ሆንን። ልጁን «ስብሰባ» እንለዋለን። ለምን እንደሆነ አብሮን የዋለ ሰው አይጠይቅም።

ሥራ እንዳይጠፋብን ስልካችን ላይ ቀለል ያለች መተግበሪያ የጫንኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ይጻፋል፤ ከ«ይሠራ» ወደ «እየተሠራ»፣ ከዚያ ወደ «አለቀ» በጣት ይገፋል። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ስብሰባ ግን ዓምዶቹን እኔ ካልሰየምኩ ብሎ ነጠቀኝና «አለቀ» ለማለት «አለቃ» ብሎ ጻፈ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ አኩርፎ ሳያስተካክለው ቀረ፤ እኛም ለቀልዱ ስንል ተውነው። በያጁ ብረት በይዶ በጨረሰ ቁጥር «እንካ አለቃ!» እያለ ካርዱን ይገፋል።

አንድ ጠዋት ጋሼ ሁላችንንም ጠሩን። ስብሰባ መተግበሪያውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ቆሟል።

«ይኸው አጎቴ፣ ያለቀው ሥራ ሁሉ በአለቃው ስር ነው፤ በእኔ ማለት ነው። ይቺ ዲዛይነር ምን ታደርግልናለች? ትሰናበት፤ ዲዛይኑን እኔው እይዘዋለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትያለሽ ልጄ?»

ደሜ ፈላ። ልመና አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስልኬን አወጣሁና ካርዶቼን ከ«አለቃ» እያወጣሁ ወደ «እየተሠራ» መለስኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይም ሲሄዱ ይታያሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ጮኸ ስብሰባ።

«ሥራዬን እየወሰድኩ ነው።»

በያጁ ጓንቱን አወለቀና ስልኩን አወጣ።

«እኔም የኔን ልውሰድ እንጂ፤ ቀለሙ ገና ከጥፍሬ አልለቀቀም» አለች ቀቢዋ።

ዓምዱ ተራቆተ። አንድ ካርድ ብቻ ቀረች፤ «ሳምንታዊ ስብሰባ» ትላለች። ጋሼ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አቃታቸው።

«አመፅ እኮ ነው! አጎቴ፣ ዝም ይሏታል?»

«አንተ የሠራኸው ይቺን ብቻ ነው?» አሉት ጋሼ።

እኔ ግን ገና አልበረደልኝም። የዓምዱን ስም ነካሁና «ቃ»ን አጥፍቼ «ቀ» ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አለቀ» አልኩት።