የከሰዓቱ ኖራ

የፋብሪካው ማብላያ ክፍል ኃላፊነት ለታላቂቱ እህት የተቆረጠ ነገር ነበር። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የምታስበው። ከስኳር ውሃ አሲድ የሚያወጡትን ባክቴሪያዎች ስንት ዓመት ያበላችው፣ ሙቀታቸውን የጠበቀችው፣ ታንካቸውን ያጠበችው እሷ ናት። ታናሽ እህቷን እዚያው ሥራ ያስገባቻትም ራሷ ናት፤ ማን አስገደዳት? ልጅቷ ገና ጓንት ማጥለቅ ሳትለምድ ሥራ አስኪያጁ "እጇ የተባረከ ነው" ማለት ጀመሩ። ከዚያም ትንሹን የሙከራ ታንክ ሰጧት። ምርቱን ከፍ ካደረገች ክፍሉን የምትመራው እሷ እንደሆነች በሰው ፊት ተናገሩ።

ታላቂቱ አጨበጨበች።

የነዚህ ባክቴሪያዎች ጣጣ፣ የሚሠሩት አሲድ መልሶ ራሳቸውን መፍጀቱ ነው። ለዚህ ነው የኖራ ውሃ በቀጭን ቧንቧ የሚንጠባጠብላቸው፤ ኖራው አሲዱን ያበርድላቸዋል፣ እነሱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ታናሺቱ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች፣ ከሰዓት ተረኛዋ ታላቂቱ ናት። እና ታላቂቱ ከሰዓት ሲሆን የሙከራ ታንኩን የኖራ ቧንቧ ትዘጋለች። ከመውጣቷ በፊት መልሳ ትከፍተዋለች። ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ።

ባክቴሪያዎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። ታናሺቱ ጠዋት መጥታ ናሙናውን ስታይ ክው ትላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ታንኩን ደፍቶ በአዲስ እርሾ ይጀምር ነበር። እሷ ግን መድፋት አልሆነላትም፤ የተረፉትን ጥቂቶች እያወጣች ለሚቀጥለው ዙር እርሾ ታደርጋቸዋለች። እነሱም ከሰዓት ይረግፋሉ፣ የተረፉትን ደግሞ ታወጣለች። ማታ ቤት ሲገቡ እህቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ለዚህ ሥራ እንዳልተፈጠረች እየነገረቻት ታለቅሳለች። ታላቂቱም ፀጉሯን እየዳበሰች ታጽናናታለች። እንዲህ ያለ አጽናኝ ከጠላት ይከፋል፤ ያን ሰሞን ግን ታላቂቱን እንቅልፍ የወሰዳት በሰላም ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ባክቴሪያዎቹ መርገፋቸውን ተዉ። ጭራሽ ኖራ ሳያምራቸው፣ ድሮ በገደላቸው አሲድ ውስጥ ተቀምጠው አሲድ ያመርቱ ጀመር። ምርቱ ከትልቁ ታንክ በለጠ፤ ሲዛቅ ወገብ ይቆርጥ የነበረው የኖራ ዝቃጭም በጣም ቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ታንኩ አጠገብ ሰበሰቡና ታናሺቱን ዘዴዋን ጠየቋት።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አላውቀውም" አለች። "የተረፉትን ሰብስቤ መልሼ ከማስገባት ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።"

"አያችሁ?" አሉ እየሳቁ። "እሷ ባታውቀው እጇ ያውቀዋል።"

ያቺ እጅ! መያዝ፣ መባረር፣ መዋረድ፣ ለታላቂቱ አንዱም ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት ጭብጨባው የእሷ መሆኑ ብቻ ነው።

"የእሷ እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው" አለች። "ከሰዓት ከሰዓት ኖራውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ደካሞቹን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። እሷ ያወጣቻቸው እኔ ያስተረፍኳቸውን ነው።"

በኩራት ጀምራው ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን የራሷን ድምፅ ሰማች፤ ኑዛዜ ሆኖባት ነበር። ታናሺቱ አየቻት። ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ፀጉር ዳበሳ በዓይኗ ውስጥ አንድ በአንድ ሲያልፍ ይታያል።

ሥራ አስኪያጁ ግን ተደንቀው ቀሩ። ታላቂቱን ይህን የመሰለ ብልሃት ለምን እንደደበቀችው ጠየቋት።

"ሳይሳካላት መናገር አትወድም" አለች ታናሺቱ በእሷ ፈንታ። "ከልጅነቷም እንዲሁ ናት።"

ኃላፊነቱ እዚያው እንደቆሙ ለታላቂቱ ተሰጠ። ሠራተኛው እያጨበጨበ በየሥራው ተበተነ። እህትማማቾቹ ብቻ ቀሩ። ታላቂቱ እህቷ እንድትሰድባት ጠበቀች፤ ብትሰድባት እኩል በሆኑ ነበር። ታናሺቱ ጓንቷን አጠለቀች። አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እትዬ ብላ ነው የምትጠራት።

"የከሰዓቱን ኖራ ልዝጋው ወይስ ራስዎ ይዘጉታል፣ ኃላፊ?" አለቻት።