ልብ ያረፈበት ሞተር

«ልቤ ያረፈበትን ግዢልኝ ነው እኮ ያልኩሽ» አለ ሴቬሪኖ፣ መዳፉ ላይ ያለችውን አመድማ ሞተር ሳይክል እያገላበጠ። አውራ ጣት የምታክል የቆርቆሮ አሻንጉሊት ናት።

«እኔ ደግሞ ልቤ የሚያርፍበትን ገዛሁ» አለች ሚስቱ ኢውላሊያ።

በላፓዝ የአላሲታስ ገበያ፣ እኩለ ቀን ላይ ያስባረኩት ትንሽ አሻንጉሊት ዓመት ሳይሞላው እውነተኛ ሆኖ ደጅ ይቆማል ተብሎ ይታመናል። አመድማዋ ደግሞ ተባርካለች፤ መራቂው ሽማግሌ የረጩባት ቢራ ገና አልደረቀም። ሴቬሪኖ የከብት ሐኪም ነው። ዘንድሮ በየመንደሩ የሚዞርበትን እውነተኛ ሞተር ሊገዛ ቆርጧል፤ ዓይኑ የቀረው ግን ቀዩ ሞተር ላይ ነው። ቀዩ ዳገቱን እንደ ፍየል ይዘላል፤ ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ደጋው ላይ ከቆመ ደግሞ የሚጠግነው ሰው ያለው የሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቆ ነው።

«አመድማዋ እኮ እንቅልፍ ታስመጣለች።»

«ታምጣ፤ ቤትህ ነዋ የምትተኛው።»

ሴቬሪኖ አጠገባቸው ካለው የአሻንጉሊት መደብ ትንሹን ቀይ ሞተር አንስቶ ገዛና ወደ ሽማግሌው ሮጠ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት።

«አባቴ፣ ይሄንንም ቢባርኩልኝ ይደርሳል?»

ሽማግሌው ሞተሩን ተቀብለው ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩት።

«መድረሱስ ይደርሳል ልጄ። ብቻ አንድ ትንሽ መካኒክም ገዝተህ ና።»