የዳገቱ ተራ

ደሊና አብርሃ በሩጫ ማጣሪያው ሰባተኛ ወጣች። የክፍለ ከተማው ቡድን የሚወስደው ስድስት ሴት ነው።

ከዚህ የባሰ ደረጃ የለም። ሃያኛ የወጣ ሰው ሳቅ ብሎ፣ ውሃውን ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። ሰባተኛ የወጣ ግን የስድስተኛውን ጀርባ እያየ ነው የሚጨርሰው። ካዛንቺስ፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ጉልበቷን ይዛ ስታጎነብስ ደሊናን ያንገበገባት ግን የስድስተኛዋ ጀርባ አልነበረም። የአምስተኛዋ ነው። አምስተኛዋ ኢኽላስ ነበረች።

ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት አብረው ሮጠዋል። ደሊና ከካዛንቺስ ትወርዳለች፣ ኢኽላስ ከቡልጋሪያ ሰፈር ትመጣለች፣ መስቀል አደባባይ ይገናኛሉ። ቁልቁለት ላይ ደሊናን የሚይዛት የለም፤ ዳገት ሲመጣ ግን ትንፋሿ ይበታተናል። ኢኽላስ የዳገት ልጅ ናት። እርምጃዋን አሳጥራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳትቸኩልና ሳትዘገይ ትወጣለች። ውድድሩ ደግሞ ከካዛንቺስ ተነስቶ በሒልተን በኩል ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በመሿለኪያና በላንቻ አድርጎ ጎተራ ይወርድና በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ስምምነታቸው ቀላል ነበር። ሲወርዱ ደሊና ትመራለች። ጎተራ ላይ ሲዞሩ ተራው የኢኽላስ ይሆናል፤ እሷ ከፊት፣ ደሊና ጀርባዋን ይዛ።

ጎተራ ላይ ደሊና ዞር ስትል ኢኽላስ አጠገቧ የለችም። ከሩቅ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ትይዩ፣ ነጭ ሻርፗ በሯጮች መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ተደብቃለች፣ አለች ደሊና በልቧ። እኔን ከፊት አድክማ ጉልበቷን ልትቆጥብ። ደሟ ፈላ። በእልህ ዳገቱን ብቻዋን ተያያዘችው፤ መሿለኪያ ሳትደርስ ትንፋሿ ተበታተነ። ከአደባባዩ በላይ፣ የሒልተን አጥር ሲጀምር፣ ኢኽላስ በጎኗ አለፈቻት። ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

አሰልጣኝ ረጋሳ ውሃ ይዞ ወደ ደሊና መጣ።

"አንቺን የጣለሽ እኮ ዳገቱ አይደለም" ብሎ ጀመረ።

"በኋላ፣ አሰልጣኝ" አለችና ሳያስጨርሰው ትታው ሄደች።

ቤት ስትገባ እናቷ ፍረወይኒ "ሰባተኛ ጥሩ ነው እኮ" አሉ።

ወንድሟ ፍሰሃ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ "ለሰባተኛ ምንድነው የሚሰጡት? ጭብጨባ ብቻ ነው?" አለ።

"አደይ፣ ዝም አሰኚልኝ ይሄን ልጅ" አለች ደሊና ወደ እናቷ ዞራ።

ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ አልወጣችም። ኢኽላስም አልደወለችም። አለመደወሏ ራሱን የቻለ ንዴት ሆነ። ጥፋቷን ብታውቅ ነው፣ አለች ደሊና፤ ዓይኔን ማየት አፍራ ነው። ቅዳሜ ትዕግሥቷ አለቀና ወደ ቡልጋሪያ ታክሲ ያዘች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን እየደረደረች፣ እያፈረሰች፣ እንደገና እየደረደረች ሄደች።

የኢኽላስ እናት ኩልሱም በጋራዦቹ መሀል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ደሊናን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ደሊናዬ፣ ምነው ጠፋሽ? ነይ ግቢ። ይቺ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን አጥቁራ ደንበኛ እያባረረችብኝ ነው።"

"ደህና ነዎት፣ እትዬ ኩልሱም?" አለች ደሊና። ዓይኗ ግን ከባንኮኒው ጀርባ የነዳጅ ማጣሪያ ካርቶን ይዛ የቆመችው ኢኽላስ ላይ ነበር።

"እንኳን ደስ አለሽ።" ቃሉ ከአፏ እንደ ስድብ ወጣ።

"ለምኑ?"

"ቡድን ገባሽ አይደል? እኔን ከፊት አድርገሽ፣ ከኋላ ተደብቀሽ።"

ኢኽላስ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

"ሒልተን ጋ ስምሽን ጠራሁ። አደባባዩ ላይ ጠራሁ። መሿለኪያ ስንደርስ 'ደሊ፣ ቀስ በይ' ብዬ ስጮህ መንገድ የሚያስከብረው ፖሊስ እንኳ ዞሮ አይቶኛል። አንቺ አልዞርሽም።"

"አልሰማሁም።"

"በቃ፣ አልሰማሽም። ዞሮ ማየትስ? ማን አባሮሽ ነው እንደዛ የወረድሽው? ሰው ሲያጨበጭብልሽ ከወንዶቹ ጋር መጋፋት ጀመርሽ። እኔ ቁልቁለት አልችልም፣ ታውቂያለሽ። ስለማልችል ነው አንቺ የምትመሪኝ። መምራት ማለት፣ ማለቴ፣ አንቺ ቤት ጥሎ መሄድ ነው?"

ደሊና ታክሲ ውስጥ ከደረደረችው የቀረላትን አነሳች።

"ስታልፊኝስ ለምን አንድ ቃል አልተነፈስሽም?"

"ተናድጄ ነበራ። አሁንም ተናድጃለሁ። ቡድን ገባሁ፣ ደስ ሊለኝ ይገባል። ያንን ዳገት ግን ብቻዬን ነው የወጣሁት። ሁለት ዓመት አብሬሽ ሮጬ፣ ብቻዬን።"

እትዬ ኩልሱም ደህና የተደረደረውን መደርደሪያ አውርደው እንደ አዲስ መደርደር ጀመሩ። ደሊና ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።

በእግሯ ነው የተመለሰችው። ሒልተን አጠገብ የተጨበጨበላትን አስታወሰች። አንድ ሰውዬ "ጎበዝ፣ አንበሲት" ብሏት ነበር። ያን ጊዜ እግሯ መሬት የነካም አልመሰላትም። ከዚያ እስከ ጎተራ ከኋላዋ ሰው ይኑር አይኑር አንዴም አላሰበችም። ረጋሳ ሊነግራት የነበረውን አሁን ራሷ ጨረሰችው፤ የጣላት ቁልቁለቱ ነው። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ከኢኽላስ ወደ ራሷ ዞረ እንጂ።

ማታ ለኢኽላስ መልእክት ላከች፤ "ነገ ጠዋት ከሒልተን በላይ። ጎተራ ደርሶ መልስ።" ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፋ አጠፋችው። "እሺ" የሚል መልስ መጣ። ሌላ ምንም።

ጠዋት ሰላም ሳይባባሉ ተነሱ። ደሊና ከፊት ሆነች። ቁልቁለቱ እግሯን ይጎትታል፤ ጭኗ እስኪቃጠል ፍሬን ይዛ ወረደች። የኢኽላስ ኮቴ ከኋላዋ ራቅ ባለ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ቀነሰች። እግሯን ረገመችው። መሿለኪያ ላይ "አለሽ?" ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የኢኽላስ ኮቴ ብቻ ነው።

ጎተራ ላይ ዞሩ።

"ተራሽ ነው" አለች ደሊና።

ኢኽላስ ሳታያት ቀደመች። ላንቻን ወጡ፣ መሿለኪያን ወጡ፣ አደባባዩን አለፉ። ደሊና ያንን ነጭ ሻርፕ እያየች እርምጃዋን አሳጠረች። ንዴቷ እየገፋፋት ልትፈተለክ ከጀላት፤ ተወችው። የሒልተን አጥር ሲጀምር ትንፋሿ ቢያጥርም አልተበታተነም።

ኢኽላስ ፊቷን ሳታዞር "አለሽ?" አለች። ድምፅዋ አሁንም ኩርፊያ ነበረበት።

"አለሁ" አለች ደሊና። ከዚያ በላይ ለመናገር የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራትም።