የፈየራ ወንድሞች

«ማን ሞተብህ?» አለ ጸሐፊው ሳህሌ፣ ከመስኮቱ ውስጥ ቀና ሳይል።

«ወንድሜ፣» አለ ቀናው።

«ስሙ?»

«ፈየራ።»

ሳህሌ ብዕሩን አቆመ። ከቀናው በፊት የተመዘገቡት አሥራ ሁለት ሰዎችም የሞተባቸው ወንድም ፈየራ ነበር። ከኋላው ደግሞ የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ግቢው ውስጥ እስካለው የባቡር ሐዲድ ድረስ ተሰልፏል።

«አንተስ ተው! ዘንድሮ ብቻ ሦስት አክስት ቀብረሃል። አንዷንማ አዞ በላት ብለህ ነው ያስፈቀድከው። አቃቂ ወንዝ ውስጥ አዞ!»

«አዞውንም ቀብሬዋለሁ። ለሱ ግን ፈቃድ አልጠየቅሁም።»

ሰልፉ ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

ትናንት ጠዋት ከባቡር ፉርጎ የተንከባለለ የጥጥ እስር የሥራ ጓደኛውን የፈየራን እግር ጨፈለቀው። ቀናው አዝሎት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሮጠ። ክሊኒኩ የነጮች ነው። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሐበሻ ከተማ ወርዶ ይታከም አለችና መልሳ ዘጋችው። የፈየራ ደም እየፈሰሰ፣ የከተማውን ባቡር ጣቢያው ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ፈየራ በቀናው ጭን ላይ ተንጋሎ፣ «እስቲ ያንን የአዞውን አውራኝ» አለው። አወራለት። ባቡሩ ሲደርስ በወሬው ውስጥ አዞው ገና አልሞተም ነበር፤ ፈየራ ግን ሞቷል።

የቀብር ፈቃድ የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ትናንት ማታ ከሥራ ሲወጡ ሐዲዱ ዳር ቆመው ተማከሩ፤ ሁሉም ወንድሙ ነኝ ሊል፣ ምክንያቱንም አንድ ዓይነት ሊያስጽፍ።

«የሞተበት ምክንያት?» አለ ሳህሌ፣ መልሱን እያወቀ።

«የነጭ ክሊኒክ ተዘግቶበት።»

ሙሴው፣ ፈረንጁ የፋብሪካው ሹም፣ ከሳህሌ ጀርባ መጥቶ መዝገቡን አየ። አማርኛን በስድብ በኩል ገብቶ የተማረ ሰው ስለሆነ አልቸገረውም።

«ቀናው! ይህ ያንተ ቀልድ ነው። ቀልድ ነው በል። መዝገቡ ይቀደዳል፣ ሰው ሥራ ይገባል። አንተ ሂድና ቅበር። እምቢ ካልክ ማንም እስከ ማታ ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ ነገም ማንም አይገባም።»

ዘበኛው የግቢውን በር ከፈተ። ከበሩ ወዲያ የፈየራ እኅት ዳሲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«ቀናው፣ ምን ትጠብቃለህ? እማዬ እኮ ቀናው ካልመጣ ልጄ አይነሳም ብላለች።»

ከኋላው ሽማግሌው አያና ትከሻውን ነካ አደረገው። «ሂድ፣ አንተ ልጅ። ማንም አይቀየምህም።»

ቀናው ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። ስልሳ ሰው አፉን ይጠብቃል። እሱ ቀልድ ነው ቢል ደግሞ ማንም ይሁን ማን ያምነዋል።

«ዳሲቱ፣» አለ። «ይነሳ በያት። እኔን አትጠብቁኝ።»

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ መዝገቡ ላይ አተመ። ከዚያም የተከፈተውን በር ትቶ በሰልፉ ጎን እስከ ሐዲዱ ሄደና ሁሉም ተመዝግቦ እስኪያልቅ ሊጠብቅ ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ቆመ።