ከእትዬ ሣባ ጎማ ኋላ

ቢሾፍቱ ላይ ለሚደረገው ውድድር ስመዘገብ የጎደለኝ ብስክሌት ብቻ ነበር። ውድድሩ ሦስት ስፖርት በአንድ ጠዋት ነው። ሐይቁ ውስጥ ይዋኛል፣ ከውሃው ተወጥቶ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ ተወርዶ ይሮጣል። ሌላውን ዕቃ እንደ አቅሜ ለቃቅሜ ነበር። የዋና መነጽሬን የገዛሁት መገናኛ አስፋልት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ነው። ግራው ውሃ ስለሚያስገባ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ መዋኘት ለምጃለሁ። የመሮጫ ጫማዬ ሰልባጅ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ተረከዙን በአንድ ወገን ጨርሶታል።

ታላቅ ወንድሜ እዝራ ይህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ተደርድሮ ሲያይ ሳቀ።

«አንቺ ኳየር ውስጥ እንኳን ድምፅሽ አይሰማም። ሐይቅ ውስጥ ስትጮኺ ማን ሊሰማሽ ነው?»

«አልጮህም» አልኩት።

«እሱን ነው የምልሽ።»

ብስክሌቱ ግን እንደ መነጽሩ አልሆነልኝም። የእዝራ ብስክሌት ይረዝምብኛል፣ ለውድድርም አይሆን። አዲሶቹን የውድድር ብስክሌቶች ዋጋቸውን ጠይቄ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። አቅሜ የሚደርስባቸው ደግሞ ጎማቸው ወፍራም፣ ክብደታቸው የበር ብረት ያህል ነው። ስቀመጥባቸውም እግሬ ይንጠለጠላል። ቁመቴ አጭር ነው። አንድ ባለ ሱቅ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እህቴ፣ የልጆችም አለልሽ» ብሎ ቅርጫት ያለው ሮዝ ብስክሌት ጎተተልኝ። ሊያሾፍ አልነበረም። ከልቡ ሊረዳኝ ነበር፤ የከፋኝም ለዚህ ነው።

ምዝገባው ላይ የብስክሌት ፎቶ ላኩ ይላል። ያለ ብስክሌት የመጣ ተወዳዳሪ ከዋናው በኋላ ይሰናበታል። የመጨረሻው ቀን እየቀረበ ሳለ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «የውድድር ብስክሌት። ብረት። አጭር ሰው ብቻ ይጻፍ።»

ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ማሚ በጽሑፍ አትሸጥም። ቦሌ ሚካኤል ነይ።»

ቤቱ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። በሩን የከፈተልኝ ማስታወቂያውን የለጠፈው ፊሊሞን ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከስልኩ ላይ ዓይኑን የማያነሳ ልጅ ነው። ሳሎኑ ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። ወደ አያት፣ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው። እናቱ እትዬ ሣባ ከካርቶኖቹ መሃል ብድግ ሲሉ በመጀመሪያ ያየሁት ቁመታቸውን ነው። እንደ እኔ ናቸው።

ግድግዳው ላይ ሁለት ብስክሌቶች ተሰቅለዋል፤ ትልቁ የፊሊሞን፣ ትንሹ በአንሶላ የተሸፈነ። አንሶላውን ሲገልጡት ቀረብኩ። ሰማያዊ ነው። ብረቱ ከጣቴ ብዙም የማይወፍር መሰለኝ፤ እንዲህ የቀጠነ ነገር ሰው ይሸከማል ብዬ ለማመን ቸገረኝ። እትዬ ሣባ የኋላውን ጎማ በጣታቸው ገፉት። ያለ ድምፅ ዞረ። እኛ እያወራን እሱ መዞሩን አላቆመም፤ እኔም የሚሉኝን በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ እሱን አያለሁ።

«መቀለ እወዳደርበት ነበር» አሉ። «አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ለሁለት ቦታ የለውም፣ እኔም በፊሊሞን ብስክሌት፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ እነዳለሁ።»

«ማሚ፣ የካፌዎቹንም ንገሪያት» አለ ፊሊሞን። ወደ እኔ ዞሮም «ቦሌ ካፌ የሚከፍቱ ሰዎች ለግድግዳ ጌጥ ፈልገውታል። ካንቺ የተሻለ ይከፍላሉ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ።

«ለጌጥ!» አሉ እትዬ ሣባ።

«እዚህስ ተሰቅሎ አይደል እንዴ የኖረው?»

«እዚህ እኔ አወርደዋለሁ። እዚያ ማን ሊያወርደው ነው? ማኪያቶው?»

ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። ምን እንደሚጠይቁኝ አውቄ አንገቴን ደፋሁ።

«ትነጃለሽ?»

«እነዳለሁ… ሰፈር ውስጥ። በወንድሜ ብስክሌት። ገርጂ።»

«አስፋልት ላይስ? ከሰው ጋር?»

«አልነዳሁም» አልኩ። እሳቸው የሚዞረውን ጎማ በእጃቸው ያዙት።

«እሑድ በጠዋት ነይ። ዕቃው በአይሱዙ ይሄዳል፣ ብስክሌቶቹ በእግራቸው። እስከ አያት ከእኔ ጋር በእሱ ከነዳሽ ያንቺ ነው፣ ባለሽ ገንዘብ። ካልነዳሽ ግን ካፌዎቹ ይውሰዱት። ቢያንስ እነሱ አይወድቁበትም።»

እሑድ ለእናቴ ሁለተኛው ፕሮግራም ላይ ቸርች እንደምደርስ ነግሬ ወጣሁ። ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ቦሌ ሚካኤል ስደርስ ፊሊሞንና ጫኞቹ ቁም ሳጥን እያወጡ ነበር። እትዬ ሣባ የልጃቸውን ጃኬት ለብሰው፣ በሻሻቸው ላይ ሄልሜት አስረው፣ የሰማያዊውን ካቴና ዘይት ይቀባሉ። ስቀመጥበት እግሬ መሬት ነካ። በሕይወቴ በእኔ ልክ የተሠራ የመሰለኝ የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።

«ከጎማዬ ኋላ ተጠጊ» አሉኝ። «አንድ ክንድ ያህል። ከዚያ ከራቅሽ ብቻሽን ነሽ። ፍሬን በድንገት አትያዢ። ጎማውን ሳይሆን ጀርባዬን እይ።»

እሳቸው በፊሊሞን ብስክሌት፣ እኔ በሰማያዊው ሄድን። እስከ መገናኛ ድረስ የማስበው እንዳልወድቅ ብቻ ነበር። መንገዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ታክሲዎቹ ገና «አያት፣ ሲኤምሲ!» እያሉ ተሳፋሪ ይጠራሉ፤ አንዱ ረዳት ሁለታችንን አይቶ «እማማ፣ ልጅቷን እንዳትጥያት!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ሣባ እጃቸውን አነሱለት። እኔ ሳላስበው ርቄ ነበር። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጃኬቴ ተነፋ፣ የምገፋው ፔዳል ሁሉ የማያራምደኝ መሰለኝ። የእሳቸው ጀርባ እየራቀ ሄደ። እንግዲህ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ አሰብኩ፤ የካፌው ግድግዳም ታየኝ።

ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩኝና ጠበቁኝ። «ተጠጊ አላልኩሽም?»

ፈርቼ ነው የተጠጋሁት። የፊት ጎማዬ ከኋላ ጎማቸው ጥቂት ሲቀረው ነፋሱ ጠፋ።

ቀነሰ ማለቴ አይደለም። ጠፋ። ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ጩኸት ቆመ። ጃኬቴ ሰውነቴ ላይ አረፈ። ከግራና ከቀኝ ዛፎቹ ይወዛወዛሉ፣ መንገድ ዳር የተጣለ ፌስታል ይበራል፣ እኔ ግን በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ነኝ፤ ክፍሉም ከእኔ ጋር ይሄዳል። እግሬ እምብዛም ሳይገፋ ፍጥነቱ ጨመረ። ከጎናችን በሐዲዱ ላይ ባቡሩ መጣ፤ መስኮቱ ላይ የተደገፈች አንዲት ሴት ለረጅም ጊዜ ከእኛ እኩል ሄደች። የእትዬ ሣባ እግሮች ሲዞሩ አያለሁ። ትከሻቸው አይነቃነቅም። ከእኔ በማይበልጥ ሰውነት ይህን ሁሉ ነፋስ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ከኋላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ለእኔ ይተዉልኛል። ዩኒቨርሲቲ ስለ አየር ግፊት ተምሬ ተፈትኛለሁ፤ ፈተናውን ስላለፍኩ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሰው ለሰው እንዲህ ያለ መጠለያ መሆን እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ማውራት ብችል ኖሮ ያን ጊዜ የምለው የጸሎት ያህል ነበር።

ሲኤምሲ ጋ ስንደርስ እትዬ ሣባ የቀኝ ክርናቸውን ወዝወዝ አድርገው ትንሽ ወደ ግራ ወጡ፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ።

ደክሟቸው ነው ብዬ እኔም ቀነስኩ።

ክርናቸው እንደገና ተወዘወዘ። እንደገና ቀነስኩ።

«እለፊ!» አሉ።

«ግድ የለም እትዬ፣ ቀስ እንበል። እኔ አልቸኩልም።»

«እለፊ እኮ ነው የምልሽ!»

«አረ ይቅደሙ!»

ፍሬን ያዙና ዳር ላይ ቆሙ። እኔም ከኋላቸው ለትንሽ ሳልጋጭ ቆምኩ። ደረታቸው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ለምንድን ነው የማታልፊው? አቃተሽ?»

«አይ… አላቃተኝም።»

«ታዲያ?»

«እርስዎን እንዴት ቀድሜ እሄዳለሁ? ነውር ነው ብዬ…»

መጀመሪያ የሚቆጡ መሰለኝ፤ ከዚያ የሚስቁ መሰለኝ። ሁለቱንም አላደረጉም። ጓንታቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ።

«ጓለይ» አሉኝ በትግርኛ፣ የገዛ ሴት ልጃቸውን የሚጠሩ ያህል። «በር ላይ አስቀድሚኝ፤ ደስ ይለኛል። ማዕድ ላይም አስቀድሚኝ። እዚህ ግን ፊት ያለ ሰው ነፋስ ይበላል እንጂ አይከበርም። ከመገናኛ ጀምሮ ያንቺንም የእኔንም የበላሁት እኔ ነኝ። ክርኔን ሳሳይሽ ደክሞኛል፣ ተራሽን ያዢ ማለቴ ነው። አንቺ ኋላ ቁጭ ብለሽ ‹ይቅደሙ› ትይኛለሽ። ይሄ አክብሮት ነው?»

ዕድሜዬን ሁሉ ኋላ መቀመጥን ጨዋነት ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ሰው ይደክምበታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚህ መሃል አይሱዙው ጡሩምባ እየነፋ ደረሰ። ፊሊሞን ከላይ፣ በፍራሽና በወንበር መሃል ተቀምጧል።

«ማሚ! አልጋሽ ቀደመሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ። አልፎን ሲሄድም ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። «ካፌዎቹ ደውለዋል! ምን ልበላቸው?»

እትዬ ሣባ ወደ እኔ ዞሩ። «እስከ አያት ነው ያልኩት። ገና ነን።»

ፊት ሆንኩ።

ነፋሱ ደረቴን እንደ እጅ ገፋኝ። የመጀመሪያው ነገር ወደ ኋላ ዞር ብዬ ይቅርታ ማለት ነበር ያማረኝ፤ አልዞርኩም። ጎንበስ አልኩና መሪውን ዝቅ አድርጌ ያዝኩ፣ ፔዳሉን ገፋሁ። ከኋላዬ ምንም ድምፅ አይሰማም። የሁለታችንም ካቴና ዘይት ጠጥቷል፣ እሳቸውም አያወሩም። ጥለውኝ ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ከዚያ በጣም ከቅርብ፣ ከጀርባዬ ሥር ማለት ይቻላል፣ «ኣጆኺ!» የሚል ድምፅ መጣ። አይዞሽ ማለታቸው ነው።

እዚያው ነበሩ። መቀለ ላይ የተወዳደሩት ሴት፣ ነፋሱን ሲከፍሉት ያየኋቸው፣ አሁን ከእኔ ኋላ ተጠልለዋል። የእኔ ጠባብ ጀርባ ለሰው መጠለያ ሆኗል። ይህን ሳስብ ፈራሁ፤ ያስፈራኝም የነገሩ ትልቅነት ነው። ሰፈሬ ውስጥ በወንድሜ ብስክሌት ስዞር፣ ጂም ውስጥ ስነዳ፣ ገንዳ ውስጥ ስመላለስ ሁሉ ለራሴ ብቻ ነበር የምደክመው። አሁን እግሬ ቢቆም የሚጎዳ ሌላ ሰው አለ። እግሬ አልቆመም።

አቀበቱ ላይ ጭኔ ተቃጠለ። ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያም ትንሽ ጨመርኩ። ሲበዛብኝ ማድረግ ያለብኝን አውቀው ነበር፤ ግን ታላቅ ሰውን በክርን ማዘዝ ቀላል አልሆነልኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ማለት ይቻላል ክርኔን ወዘወዝኩ።

እትዬ ሣባ ወዲያው በጎኔ አለፉ። ሲያልፉ ጥርሳቸው ታየ። «እንዲህ ነው!»

ከዚያ በኋላ መነጋገር አላስፈለገንም። እሳቸው ይቀድማሉ፣ እኔ አርፋለሁ፤ ክርናቸው ይወዘወዛል፣ እኔ እቀድማለሁ፣ እሳቸው ያርፋሉ። ነፋሱ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። እንዲህ ተከትለን ስንሄድ አያት መዳረሻ ላይ አይሱዙውን አገኘነው፤ ሾፌሩ አህያ አሳልፎ ገና መንቀሳቀሱ ነበር። ሁለታችንም ቀጥ ብለን አለፍነው። ጫኞቹ ከላይ አጨበጨቡ። ፊሊሞን ከፍራሹ ላይ ብድግ ብሎ «ሄይ! ሄይ! ዕቃው ይሰበራል፣ ቀስ!» ይለናል፣ እኛ ያልተሸከምነውን ዕቃ።

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ገባን። አይሱዙው ተከትሎ ገባ። ፊሊሞን ወርዶ ስልኩን ያዘ።

«ማሚ፣ ሰዎቹ መልስ ይፈልጋሉ። ከሰዓት መኪና እንላክ ነው የሚሉት።»

እትዬ ሣባ መጥተው ሰማያዊውን ከእጄ ወሰዱት። ዘግይቼ ነው፣ ሲኤምሲ ላይ ነው ያበላሸሁት ብዬ አሰብኩ፤ ለመሰናበቻ የሚሆን ቃልም መፈለግ ጀመርኩ።

ከጃኬታቸው ኪስ ቁልፍ አወጡ። የኮርቻውን ብሎን ፈቱና ኮርቻውን ወደ ላይ ሳቡት፣ አንድ ጣት ያህል። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ፣ መልሰው ኮርቻውን አዩ፣ ደግመው ትንሽ ሳቡት። ከዚያ ብሎኑን ጥርሳቸውን ነክሰው አጠበቁት።

«በእኔ ልክ ነበር የቆመው» አሉ። «እግርሽ ከእኔ ይረዝማል። መንገዱን ሙሉ ታጥፎብሽ ነው የነዳሽው፤ አንድም ቃል አልተነፈስሽም። ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። ውጪበት።»

ፊሊሞን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ለካፌዎቹ ስልኩ ላይ «ተሽጧል» ብሎ ጻፈ።

ወጣሁ። ጫኞቹ ቁም ሳጥኑን እንደያዙ ቆመው መንገድ ለቀቁልኝ። ፔዳሉን ስገፋ እግሬ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ።