የፈትያ ጣውንት

«ፈትዬ፣ ኧረ ይሄን ስልክ አንድ ነገር በይው» አለች የባሏ እህት ሰልዋ በሹክሹክታ፤ «ዱዓ እየተደረገ እኮ ነው።»

ፈትያ እጇን ፍራሹ ስር ሰደደችና የባሏን ስልክ አፈነችው። ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። ባሏ ዶክተር ሰዲቅ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷ ደግሞ ኢዳ፣ የመበለት መቆያ ጊዜዋ ላይ ናት፤ ለወራት ከዚህ የአያት ኮንዶሚኒየም አትወጣም። መውጣት ያማራት ግን ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ነው። አንዷ ተነስታ ስትሄድ ሌላዋ በቦታዋ ትተካና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ትላታለች። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ለብቻ ማልቀስ እንኳን አልተገኘም።

ስልኩ እንደገና ነዘረ። ከሻርፗ ስር ከፍታ አየችው። የሚፈልጉት ሰዲቅን አልነበረም፤ እማማ አሰገደችን ነበር።

እማማ አሰገደች የሚባሉ ሴት የሉም። ሰዲቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሰው በኢንተርኔት እንዴት እንደሚሰባሰብ፣ እንዴትስ በአንድ ወሬ እርስ በርሱ እንደሚባላ ነበር። ለጥናቱ ብሎ የእነ አያት፣ የእነ ለሚ ኩራ ሰው የሚርመሰመስበት ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። «በዶክተርነቴ ስጠይቃቸው ይሰድቡኛል» አላት እየሳቀ፤ «በእማማነቴ ግን ያከብሩኛል።» ጡረታ የወጡ የወሎ አዋላጅ ፈጠረ፤ «ልጆቼ» እያሉ የሚቆጡ፣ ወሬ ሲነሳ «ማን አየ? የት አየ?» የሚሉ። ጥናቱ አለቀ፣ እማማ ግን አላለቁም። ሰዲቅ እራቱን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው የማያውቃቸውን ጎረምሶች ሲገላግል ያመሻል። ፈትያ «ጣውንቴ» ትላቸው ጀመር፤ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ ከምሯ።

«ሰው እያታለልክ ነው። ይህቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጣልኝ» አለችው አንድ ቀን።

«ብወጣ ማን ይይዛቸዋል?» አለ። መውጫውን ሳያገኝ ልቡ ከዳውና ሞተ።

አሁን ግሩፑ ላይ አንድ ፎቶ ተለጥፏል። ቢተው የሚባለው ጎረቤታቸው የምታለቅስ ሕፃን ታቅፎ ሚኒባሱ ውስጥ ሲያስገባ ይታያል። ሕፃኗ የገዛ ልጇ ሲቲ ናት። ቅድም «ከዚህ ለቅሶ አርቅልኝ፣ አትላስ እህቴ ጋ አድርስልኝ» ብላ የሰጠችው ራሷ ፈትያ ናት። ከፎቶው ስር «የልጅ ሌባ» ይላል፤ ታርጋውም አለ። «ሲኤምሲን አልፏል»፣ «መገናኛ ላይ መንገድ ዝጉበት»፣ «ለፖሊስ እንዳትሰጡት፣ እዛው ጨርሱት»።

«ሰልዋ፣ ለቢተው ደውይለት። ቶሎ።»

«አያነሳም። እየነዳ ይሆናል።»

ፈትያ ልትነሳ ስትል ሁለት ሴቶች ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ሐዘኑ የተነሳባት መስሏቸዋል።

«ልጄን የያዘውን ሰው...» አለች።

«ልጅሽማ ደህና ናት፤ ለሷ ስትይ ጠንክሪ» አሏት፣ ይዘዋት።

በራሷ ስልክ ግሩፑ ውስጥ ገባችና ጻፈች፦ «ልጅቷ የኔ ናት። ሰውየው ጎረቤቴ ነው፤ እኔ ነኝ የላክሁት።» መልሱ ወዲያው መጣ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ? አሁን ገና መግባትሽ ነው።» «ግብረ አበሩ ናት።» ከግሩፑ አስወጧት። የወለደቻት እናት አልታመነችም። «እማማ ይናገሩ» ይላሉ በሰዲቅ ስልክ ላይ፤ «እማማ ካላሉ አናምንም።»

የሰዲቅን ስልክ ያዘች። እንዴት ነበር የሚጽፈው?

«ልጆቼ፣ ምን ነካችሁ? ቢተውን አውቀዋለሁ። ልጅቷ የምታለቅሰው አባቷ ሞቶባት ነው። ከለቅሶው እንድትርቅ እናቷ ናት በእሱ እጅ የላከቻት። መንገዱን ክፈቱለት። ፎቶውንም አሁኑኑ አጥፉ።»

ከዚያ «ይቅርታ እማማ» የሚለው ይጎርፍ ጀመር። ፎቶው ጠፋ። ሰልዋ ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ «ቢተው አነሳ» አለች፤ «መገናኛ ጋ ጎረምሶች ከበውት ነበር፣ አሁን ለቀቁት። ሲቲ ደህና ናት።»

ፈትያ ግድግዳውን ተደገፈች። ቢተው ተርፏል። እሷ ግን ከእንግዲህ እማማ የሉም ብላ እውነቱን ብትናገር የእማማን ቃል የሚያምን አይኖርም፤ ነገ ሌላ ፎቶ ሲለጠፍ ማን ይመልሳቸዋል? ሰዲቅ መውጫ ያጣበት ቤት ውስጥ ገብታ በሩን በራሷ እጅ ዘግታዋለች። ተናደደችበት። በዚያው ልክ ናፈቃት።

«እማማ፣ ሰሞኑን የት ጠፍተው ነው?» ሲል አንዱ ጻፈ። «የልጅቷ አባት ምንዎ ነው?»

«ባሌ» ብላ ጻፈች። የእማማ ባል ግን ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰዲቅ ራሱ ነው የገደላቸው፣ ለእማማ ጊዜ እንዲኖራቸው ብሎ። አጠፋችው። እንደገና ጻፈች።

«ልጄ ነው። ሰዲቅ ይባላል።»

ላከችው። «ነፍስ ይማር፣ እማማ።» «አላህ ይርሐመው።» «እግዚአብሔር ያጽናዎት።» ቅድም ሰው ሊገድሉ የወጡት ሁሉ መጡ፤ በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ፈትያን ሦስት ቀን እምቢ ያላት እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው ፈትዬ? ምን መጣ?» አለች ሰልዋ ደንግጣ።

«ለቅሶ ደራሾች ናቸው» አለችና፣ አንድ በአንድ «አሜን» እያለች ትመልስላቸው ጀመር።